ከጠረጴዛው ሥር የነበሩት ምጣዶች፤ ስለ አንድ የሸክላ ሠሪዎች ድንኳን የቀረበ ሂስ

ስለ መጽሐፍ፣ ስለ ቲያትር ወይም ስለ ሥዕል ሂስ ሲጻፍ አንባቢ አይገረምም። በባዛር ላይ ስለተተከለ የሸክላ መሸጫ ድንኳን ሂስ ሲጻፍ ግን «ምን ያለ ሥራ ፈት ነው!» የሚል አይጠፋም። ይሁን እንጂ ድንኳንም እንደ መድረክ ነው። ምን እንደሚታይና ምን እንደሚቀር አስቦ የሚያዘጋጀው ሰው አለ፤ ተመልካች ይመጣል፤ አይቶ ይፈርዳል፤ ፍርዱንም በኪሱ ገንዘብ ይገልጻል። ስለዚህ አንድን ቲያትር የምንጠይቀውን ድንኳኑንም ብንጠይቀው ነውር የለበትም። ምን አሳየን? ምንስ ከመጋረጃው በስተኋላ አስቀረብን?

ድንኳኑ የቆመው በከተማችን ከገና በፊት በተዘጋጀው የአራት ቀን ባዛር ላይ ነው። ባለቤቶቹ በአንድ ማኅበር የተደራጁ ዐሥራ አንድ ሸክላ ሠሪ ሴቶች ናቸው። የማኅበሩን ስም አልጠቅስም፤ ነገሩ የእነርሱ ብቻ አይደለምና። እንዲህ ያለ ድንኳን በሚኖርበት ከተማ ባዛር ላይ ያላየ መምህር ይኖራል ብዬም አላምንም። እኔ ሁለት ጊዜ ሄጃለሁ፤ መጀመሪያ ዐርብ ከሰዓት በኋላ የዘጠነኛ ክፍል ተማሪዎቼን አስከትዬ፣ ሁለተኛ እሑድ ማታ ባዛሩ ሊዘጋ ሲል ብቻዬን።

ከሩቅ ሲያዩት ድንኳኑ ያምራል። ከፊት ለፊቱ እስከ መሬት የሚደርስ አረንጓዴ፣ ቢጫና ቀይ ጨርቅ የለበሰ ረጅም ጠረጴዛ አለ። ከላይ «ባህላዊ ዕቃዎች» የሚል ሰሌዳ ተሰቅሏል። በጠረጴዛው ላይ ጀበናዎች በሦስት ረድፍ ተደርድረዋል። ከእነዚህ ውስጥ የሸክላ መልክ ያላቸው ጥቂቶቹ ብቻ ናቸው፤ የቀሩት በርና መስኮት በሚቀባበት የዘይት ቀለም ወርቃማ፣ ቀይና ሰማያዊ ተቀብተዋል። ባንዳንዱ ሆድ ላይ አበባ ተሥሏል፤ ባንዳንዱ ላይ «መልካም ገና»፣ በሌላው ላይ «ኢትዮጵያ» የሚል ተጽፏል። ከእነርሱ ቀጥሎ አውራ ጣት የሚያካክሉ ጀበናዎች የቁልፍ ሰንሰለት ገብቶላቸው እንደ ሽንኩርት ጉንጉን ተንጠልጥለዋል። ከዚያ የሲጋራ መተርኮሻ፣ የአበባ ማስቀመጫ፣ የዕጣን ማጨሻ እያለ ይቀጥላል።

ከቀለሙ ልጀምር። ጀበና ቅርጹን ያገኘው ከሥራው ነው። ሆዱ ድቡልቡል የሆነው እሳቱ ዙሪያውን እንዲያገኘው ነው። አንገቱ ጠብቦ የረዘመው ቡናው ሲንተከተክ ቶሎ ገንፍሎ እንዳይፈስ፣ ሲቀዳም አተላው ከታች እንዲቀር ነው። የአንዳንዱ አገር ጀበና ለብቻው የሚቀዳበት አፍ አለው፤ የሌላው በአንገቱ በኩል በውታፍ ተጠልሎ ይቀዳል፤ ይህም የየአካባቢውን የቡና አፈላል ተከትሎ የመጣ እንጂ እንዲያው የተፈጠረ አይደለም። ጥቁረቱም ቢሆን ለጌጥ ብቻ አልመጣም። ሸክላው ከእሳት በትኩሱ ወጥቶ በቅጠል ወይም በገለባ ሲታፈን ጢሱ ወደ ሸክላው ቀዳዳዎች ይገባና ያጠቁረዋል፤ ቀዳዳዎቹንም በመጠኑ ይደፍናቸዋል።

ይህን ዕቃ በዘይት ቀለም መቀባት ማለት ከምድጃ ማባረር ማለት ነው። የተቀባ ጀበና እሳት ላይ ቢጣድ ቀለሙ ይላላጣል፣ ይሸታል፣ ቡናውንም አያስጠጣም። ገዢውም ይህን አያጣውም፤ የሚገዛው ለመደርደሪያ ነው። አንዱን ወርቃማ ጀበና አንሥቼ ወደ ውስጥ ባየው አንገቱ ከሆዱ የተጋጠመበት ቦታ እንደ ነገሩ የተለጠፈ ነው፤ ጭቃው ሳይዳመጥ ደርቋል። ያልተቀባውን ባነሣ መጋጠሚያው በጣት ተፈልጎም አይገኝ። ሁለቱንም የሠራው አንድ እጅ ነው። ለመደርደሪያ የሚሠራ እጅ ግን አይጠነቀቅም፤ ተጠንቀቅ የሚለውም የለም። ዋጋው ደግሞ የተገላቢጦሽ ነው። የተቀባው ካልተቀባው በእጥፍ ይበልጥ ነበር።

ይህን ስል ትንሽ ነገር፣ ለዓይን ብቻ የሚሠራ ነገር ሁሉ ይናቅ ማለቴ አይደለም። የወለቃን ነገር ማስታወስ ይበቃል። ወለቃ ከጎንደር ከተማ በስተሰሜን ጥቂት ኪሎ ሜትር ርቆ በመንገድ ዳር የሚገኝ መንደር ነው። በዚያ ይኖሩ ከነበሩት ቤተ እስራኤላውያን መካከል ወንዶቹ በብረት ሥራና በሽመና፣ ሴቶቹ በሸክላ ሥራ የታወቁ ነበሩ። ሴቶቹ ለአካባቢው ገበሬ ምጣድ፣ ድስትና እንስራ ሲሠሩ ከኖሩ በኋላ፣ የውጭ አገር ጎብኚ በመንገዱ ሲመላለስ ጊዜ ትናንሽ የሸክላ ምስሎችን ወደ መሥራት አዘነበሉ። አንበሳ፣ የዳዊት ኮከብ ያለበት ቅርጽ፣ ንጉሥ ሰሎሞንና ንግሥተ ሳባ የዚያ ሥራ ውጤቶች ናቸው። ምስሎቹ የገዢን ፍላጎት አይተው የተሠሩ ለመሆናቸው ጥርጥር የለውም። ቢሆንም ጭቃው ጭቃነቱን አልካደም። የጣት አሻራው፣ የዓይኑ ጉድጓድ፣ በእሳት የመጣው ጥቁረት በላያቸው ላይ ይታያል። እነዚህን ከቁልፍ ሰንሰለት ጋር መመደብ በደል ነው።

ከወለቃ የምንማረው ሌላም ነገር አለ። ቤተ እስራኤላውያኑ በ1977 ዓ.ም. በሱዳን በኩል፣ በኋላም በግንቦት 1983 ዓ.ም. ከ14,000 በላይ ሰዎች ሁለት ቀን ባልሞላ ጊዜ ከአዲስ አበባ በአውሮፕላን በተወሰዱበት ጉዞ ወደ እስራኤል ሄዱ። ሠሪዎቹ ከሄዱ በኋላ ግን ምስሎቹ ከመንገዱ ዳር አልጠፉም፤ የቀሩት ክርስቲያን ጎረቤቶቻቸው ያንኑ ዓይነት ሥራ እየሠሩ መሸጥ ቀጠሉ። ገዢ እስካለው ድረስ ቅርጽ ሠሪውን ትቶ እንኳ ይኖራል ማለት ነው። ገዢ ያጣው ደግሞ ሠሪው እቤቱ ተቀምጦ እያለ ይጠፋል። ጋንና እንስራ ለዚህ ምስክር ናቸው። ቢጫው የፕላስቲክ ጀሪካን ከመጣ ወዲህ ውኃ በእንስራ አዝላ የምትሄድ ሴት በከተማችን ዙሪያ ማየት ብርቅ ሆኗል።

እዚህ ላይ ደርሼ ነበር አንዲት ተማሪ ጎንበስ ብላ የጠረጴዛውን ጨርቅ ስትገልጥ ያየኋት። ከሥር፣ በጭድ ላይ፣ ምጣዶች ነበሩ፤ ስድስት ወይም ሰባት ይሆናሉ። ሁለት ድስቶችና አንድ ትልቅ ማሰሮም አብረዋቸው ተቀምጠዋል። ልጅቱ የላይኛውን ምጣድ በአንድ እጇ ከፍ አድርጋ በጣቷ መገጣጠሚያ ጠርዙን መታ መታ አደረገችና ጆሮዋን አቀረበች። «ይሄ ደህና ነው፤ ድምፁ ጥርት ይላል» አለች። የሁለተኛውን መታችና «ይሄኛው ተሰንጥቋል፤ ድምፁ ታፍኗል» አለች። ስንጥቁን እኔ ፈልጌ አላገኘሁትም፤ ወደ ብርሃን አውጥተን ስናየው ግን እንደ ጸጉር ቀጥኖ ከጠርዙ ወደ መሐል ሲሄድ ታየ። ጓደኛዋ «አንቺ ደግሞ በምን አወቅሽው?» ስትላት ጨርቁን መልሳ ለቀቀችና «ከሰው ሰምቼ» ብላ ወደ ኋላ ቀረች። ከዚያ በኋላ ወደ ድንኳኑ አልተጠጋችም።

ድንኳኑ ካቀረባቸው ዕቃዎች ሁሉ የሸክላ ሠሪ ዕውቀት ተጠቃሎ የሚገኘው በዚያ በተደበቀው ምጣድ ላይ ነው። ምጣድ ተራ ነገር ይመስላል፤ ጠፍጣፋ፣ ክብ፣ ጌጥ የሌለው። ይሁንና ወደ 60 ሳንቲ ሜትር ስፋት ያለው ጠፍጣፋ ሸክላ ሳይጣመምና ሳይሰነጠቅ ማድረቅ፣ ከዚያም በእሳት ማብሰል ምን ያህል ከባድ እንደሆነ የሞከረው ያውቀዋል። ሠሪዋ አፈሩን መርጣ ትቆፍራለች፤ ብዙ ጊዜም ሁለት ዓይነት አፈር ትቀላቅላለች። ድንጋዩን ትለቅማለች፣ ትዘፈዝፋለች፣ በእግሯና በእጇ ታሸዋለች። ከተሰበረ አሮጌ ሸክላ የተወቀጠ ዱቄትም ትጨምርበታለች። ይህ ዱቄት አንዴ በእሳት ያለፈ ስለሆነ እንደ አዲሱ ጭቃ አይኮማተርም፤ ስለዚህ ዕቃው ሲደርቅ እንዳይሰነጠቅ፣ በኋላም ምድጃ ላይ ሲግልና ሲቀዘቅዝ እንዲችለው ይረዳዋል። መንኮራኩር የላትም። በእጇ ታበጃለች፣ በለስላሳ ድንጋይ ታሻለች፣ በጥላ ታደርቃለች። ፀሐይ ላይ ብታወጣው ጠርዙ ከመሐሉ ቀድሞ ይደርቅና ይከፈታል። የመጨረሻው እሳት ነው። ኩበት፣ ጭራሮና እንጨት ከታችም ከላይም ተደርጎ ይነድዳል። የኬሚስትሪ መምህራን እንደሚያውቁት ጭቃው ከ500 እስከ 600 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲደርስ በውስጡ ተዋሕዶ የነበረው ውኃ ይለቅና ከዚያ ወዲያ ወደ ጭቃነት አይመለስም። ሠሪዋ ቴርሞሜትር የላትም፤ የምታየው የእሳቱን ቀለም ነው።

ምጣዱ ተሽጦ ቤት ከገባ በኋላም ሥራ ይቀረዋል። ባለቤቲቱ አግላ በጎመን ዘር ደጋግማ ታሸዋለች፤ እስኪጠቁርና እስኪለሰልስ፣ እንጀራው ሳይጣበቅ እስኪነሣ ድረስ። ስለዚህ ምጣድን ሁለት ሴቶች ናቸው የሚጨርሱት ማለት ይቻላል፤ አንዷ ሠርታ፣ ሌላዋ አሟሽታ።

ደግሞም ምጣድ ያለፈበት ዕቃ አይደለም። ጋንና እንስራ በፕላስቲክ ተተኩ፤ ድስትን ብረትና አሉሚኒየም ገፋው። ምጣድን ግን እስከ ዛሬ ተክቶ ያሰናበተው የለም። የኤሌክትሪክ ምጣድ የምንለው እንኳ ከሥሩ ሽቦ የተዘረጋለት ሸክላ ነው፤ ሸክላው ሲሰበርም ባለቤቱ ሌላ ሸክላ ፍለጋ ይሄዳል። «ላቀች» የተባለው የከሰል ምድጃም ውጩ ቆርቆሮ፣ ውስጡ ሸክላ ነው። የተወሰደው በ1980ዎቹ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በኬንያ ከተስፋፋው የሸክላ ጂኮ ነው። እንግዲህ ባለቤቶቹ ሰሌዳቸው ላይ «ለኤሌክትሪክ ምጣድ የሚሆን ሸክላ እዚህ ይገኛል» ብለው ቢጽፉ ስንት የቤት እመቤት ወደ ድንኳኑ ባዘነበለች ነበር! የጻፉት ግን «ባህላዊ ዕቃዎች» ብለው ነው።

ከጠረጴዛው በስተኋላ ቆሞ የሚሸጠው ለባዛሩ ተብሎ የተመደበ አንድ ወጣት ነው። ትሑትና ቀልጣፋ ልጅ ነው፤ በእርሱ ላይ የምለው የለኝም። ነገር ግን የምጣዱ አፈር ከየት እንደመጣ ስጠይቀው «ባህላዊ ነው» አለኝ። ስንት ቀን እንደሚፈጅ ብጠይቀውም መልሱ ያው «ሙሉ በሙሉ በባህላዊ መንገድ ነው የሚሠራው» ሆነ። ይህ ቃል በዘመናችን የብዙ ጥያቄ መድፈኛ ሆኗል። እኛም መምህራኑ ከደሙ ንጹሕ አይደለንም፤ ተማሪ «ባህላዊ ዕቃዎችን ዘርዝር» ሲባል ጀበና፣ ሞሰብ፣ ረከቦት ብሎ ከጻፈ ሙሉ ማርክ እንሰጠዋለን።

ሠሪዎቹ ራሳቸውስ? ከድንኳኑ በስተኋላ፣ ዕቃው በመጣበት ጭድ ላይ ተቀምጠው ነበር። ዞሬ ሄጄ ሰላምታ ከሰጠሁ በኋላ ከሁሉ በዕድሜ የሚበልጡትን፣

«እናቴ፣ ምጣዶቹን ለምን ከሥር አደረጋችኋቸው?» አልኋቸው።

«ምጣድ ባዛር ላይ ማን ያየዋል ተባልን፣ መምህር። ባህላዊ ነገር አምጡ አሉን።»

«ምጣድ ባህላዊ አይደለም?»

«ምጣድማ ምጣድ ነው» አሉና ሣቁ። የቀሩትም ሣቁ።

እኔ ግን መምከር የማይሰለቸኝ ሰው ነኝና አልተውኳቸውም። ከእነርሱ ሁለት ድንኳን አልፎ አንድ ሸማኔ ጉድጓዱን ቆፍሮ፣ ድሩን ዘርግቶ፣ እየሠራ ይሸጥ ነበር። መወርወሪያው ከቀኝ ወደ ግራ ሲያልፍ፣ እግሩ መርገጫውን ሲለዋውጥ፣ ጥለቱ ክር በክር ሲወለድ የሚያይ ሕዝብ ከፊቱ አይጠፋም። ትንሽ ቆሜ ሳይ አንድ ነገር አስተዋልሁ። የነጠላውን ዋጋ ሰምቶ «ውድ ነው» ብሎ የጀመረ ሰው ጥቂት ደቂቃ ቆሞ ካየ በኋላ ክርክሩን ያለዝባል። በዓይኑ ፊት ስንት ጊዜ መወርወሪያው ተመላልሶ ስንት ጣት ጨርቅ እንደተገኘ ቈጥሯልና። በሸክላው ድንኳን ግን ክርክሩ መጨረሻ አልነበረውም። «ጭቃ አይደለም እንዴ!» የሚለውን ቃል በአንድ ከሰዓት በኋላ ሦስት ጊዜ ሰምቻለሁ። ስለዚህ ወደ ሴትየዋ ተመልሼ፣

«እናንተስ እንደ ሸማኔው እዚሁ ፊት ለፊት ተቀምጣችሁ ብትሠሩ ምናለበት?» አልኋቸው።

ዝም አሉ። ከዚያ አንደኛዋ፣ ከሁሉም ወጣት የሆነችው፣ «እሱ ጥጥ ነው የያዘው፤ እኛ ጭቃ» አለች። አሮጊቷ ጨመሩ፦ «ልጆቻችን እኮ በዚህ ያልፋሉ፣ መምህር።»

እዚህ ላይ የሂሴ መንገድ ተጣመመ። እስከዚያች ሰዓት ድረስ በልቤ ያረቀቅሁት ጽሑፍ ቀላል ነበር፤ ቀለሙ ይቅር፣ ምጣዱ ይውጣ፣ ሥራው ይታይ የሚል። የሴቶቹ መልስ ግን ቀለሙ ምን እንደሚሸፍን አሳየኝ። የሚሸፍነው ሸክላውን ሳይሆን ሸክላ ሠሪነትን ነው። ወርቃማ ጀበና የያዘች ሴት «የዕደ ጥበብ ባለሙያ» ትባላለች፤ ምጣድ የያዘች ሴት ግን ሌላ ስም አላት። ያንን ስም ሁላችንም እናውቀዋለን፤ በየመንደሩ ሲነገር ሰምተን አድገናል። ሸክላ ሠሪና ቀጥቃጭ በዓይኑ ይበላል፣ ሌሊት ጅብ ይሆናል የሚለው ተረት ስንቱን ከጋብቻ፣ ስንቱን ከእድር ለይቶ አኑሯል። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. የእጅ ባለሙያን በሥራው የሚሰድብ እንዲቀጣ ዐዋጅ አስነግረው ነበር። ከ1966 ዓ.ም. ለውጥ በኋላም የእጅ ሠራተኞች በኅብረት ሥራ ማኅበር እንዲደራጁ፣ እንዲከበሩም ተሰብኳል። ከዐዋጁ ወዲህ መቶ ዓመት አልፏል። ያቺ ሴት ግን ልጇ እንዳያያት ከድንኳኑ ኋላ ተቀምጣለች፤ ያቺ ተማሪም በጣቷ መትታ ያወቀችውን «ከሰው ሰምቼ» ብላ ትክዳለች።

እንግዲህ እንዲህ ያለ ድንኳን ሲተች ማነው የሚተቸው? ሴቶቹን «ለምን ቀለም ቀባችሁ» ማለት «ለምን ተጠነቀቃችሁ» ማለት ይሆናል። ለድንኳኑ ኪራይ ከፍለዋል፤ የከፈሉትን መመለስ አለባቸው፤ ከሚገዛው ሰው ዓይን ስድብ ሳይሆን አድናቆት ቢያገኙ ምን ይከፋቸዋል? ስለዚህ ሂሴን ከእነርሱ ላይ አንሥቼ ባዛሩን ባሰናዳውና በእኛ በተመልካቾቹ ላይ አደርጋለሁ። አሰናጂው «ባህላዊ ነገር አምጡ» ሲል ከቤቱ የወጣ ነገር፣ ከእሳት የራቀ ነገር፣ እንግዳ ሲመጣ የሚታይ ነገር አምጡ ማለቱ ነው። በየቀኑ እንጀራ የምንበላበት ዕቃ በዚህ ትርጉም ባህል አይደለም፤ እጃችን ላይ ነውና። ይህን ትርጉም እስካልለወጥን ድረስ ሸክላ ሠሪዋ ምንም ያህል ብትጥር ጠረጴዛው ላይ የሚወጣው ወርቃማው ብቻ ነው።

በዚያ ላይ ሸክላ እንደ ሽመና በአንድ ከሰዓት በኋላ የሚታይ ሥራ አለመሆኑን መቀበል አለብኝ። ለሸማኔው የሰጠሁት ምክር ለሸክላ ሠሪ እንዳለ አይሠራም። ማድረቁ ቀናት ይፈጃል፤ እሳቱን በባዛር ሜዳ ላይ ማንደድ አይፈቀድም፤ ቢፈቀድም ከጢሱ የተነሣ ጎረቤት ነጋዴ አቤት ይላል። ሆኖም ያለ እሳትም ሊታይ የሚችል ብዙ ነገር ነበር። አፈሩ በሁለት ሣሕን፣ ከጎኑ የተወቀጠው ሸክላ፣ ከዚያ ያልተቃጠለ ጥሬ ምጣድ፣ የተቃጠለው፣ በመጨረሻም ከአንዲት ሴት ቤት በውሰት የመጣ፣ ለዓመታት እንጀራ የተጋገረበት፣ እንደ መስተዋት የሚያበራ ጥቁር ምጣድ። ይህ የመጨረሻው ብቻ ተቀምጦ ቢሆን እንኳ የትኛውንም ወርቃማ ጀበና ዓይን በነሣው ነበር ብዬ አስባለሁ። የተሰበረ ምጣድ ስባሪም ቢሆን ያስተምራል። ስብራቱ ላይ የውስጡ ጥቁርና የውጩ ቀይ ንብርብር ይታያል፤ እሳቱ የት ድረስ እንደገባ ከዚያ ይነበባል። ድምፁን መምታትና ማዳመጥ ደግሞ ለሕፃን እንኳ ጨዋታ ነው። ያቺ ተማሪ ለጓደኞቿ በግማሽ ደቂቃ ያሳየችው ወጣቱ ሻጭ በአራት ቀን ካሳየው ይበልጣል።

ሰኞ ክፍል ስንገናኝ ስላዩት ነገር አንድ ገጽ እንዲጽፉ አዘዝኋቸው። አብዛኞቹ እንደ ፈተና መልስ ዘረዘሩ፤ ጀበና፣ የአበባ ማስቀመጫ፣ ነጠላ። ልጅቱ ስለ ሸማኔው ጻፈች። ጥሩ አድርጋ ነው የጻፈችው፤ የመወርወሪያውን ድምፅ እንኳ አልረሳችም። ስለ ሸክላው ድንኳን አንድም ቃል የለባትም። ከፍተኛ ማርክ ሰጠኋት። ስለ ምጣዱ ለምን እንዳልጻፈች ለመጠየቅ አፌ ድረስ መጥቶ ተውሁት፤ በአርባ ተማሪ ፊት የሚጠየቅ ጥያቄ አይደለም። ለብቻዋስ ቢሆን እንዴት እንደሚጠየቅ እስካሁን አላወቅሁም። ከሙያ ጓደኞቼ መካከል የሚያውቅ ካለ በዚሁ መጽሔት ቢጽፍልን ደስ ይለኛል።

የእሑዱን ነገር ሳልናገር ብቀር ግን ለሂሴ አድልቻለሁ ማለት ነው። ማታ ስደርስ ድንኳኑ እየፈረሰ ነበር። የተቀቡት ጀበናዎች አልቀዋል። የቁልፍ መያዣዎቹም ከሁለትና ከሦስት በስተቀር አልቀዋል። ጥቁሮቹ ጀበናዎች ግማሽ ያህል ተሸጠዋል። ከምጣዶቹ የተሸጡት ሁለት ናቸው፤ የቀሩት፣ የተሰነጠቀው ጭምር፣ በጭድ ተጠቅልለው ለጋሪ ይጠባበቃሉ። እኔም አንዱን ለመግዛት ጠየቅሁ። አሮጊቷ ራሳቸው መርጠው፣ መትተው፣ አዳምጠው ሰጡኝ። የጎመን ዘሩን እንዳልረሳ፣ መጀመሪያ እሳቱን በቀስታ እንዳደርግ ሦስት ጊዜ ነገሩኝ።

«የሚመጣው ዓመት ምን ይዛችሁ ትመጣላችሁ?» አልኋቸው።

«ቀለሙን ቀደም ብለን በርከት አድርገን እንገዛለን» አሉኝ። «ዘንድሮ ቶሎ አለቀብን።»